ማስረጃው ያልታየ ጥናት ለውሳኔ መሠረት ሊሆን አይገባም

በማንኛውም የመንግሥት መሥሪያ ቤት ገንዘብ ወጪ ሲደረግ ማስረጃ ይጠየቃል። የፋይናንስ ሪፖርቱ ምንም ያህል በጥራት ተዘጋጅቶ ቢቀርብ፣ ሪፖርቱን ያቀረቡት ኃላፊም ምንም ያህል የተመሰከረላቸው ቢሆኑ፣ ኦዲተሩ የግዢ ሰነዱን፣ የክፍያ ደረሰኙንና ንብረቱ ገቢ የሆነበትን ሞዴል 19 ሳያገናዝብ ሂሳቡ ትክክል ነው ብሎ አይፈርምም። ይህ አሠራር በኃላፊው ላይ ጥርጣሬ ስላለ የሚፈጸም አይደለም። የሕዝብ ሀብት በቃል እምነት ብቻ ሊተዳደር እንደማይገባ ከመታመኑ የመነጨ ነው።

ከአንድ የግዢ ሰነድ በእጅጉ የላቀ ሀብት፣ አንዳንዴም የሰው ሕይወት የሚወሰንባቸው የምርምር ውጤቶች ግን ለረጅም ጊዜ በዚህ ዓይነት ጥብቅ ምርመራ ሲያልፉ አልቆዩም። የአንድ ጥናት መደምደሚያ በታወቀ የምርምር መጽሔት ላይ ከወጣ በኋላ ቁጥሩ ወደ ፖሊሲ ሰነድ፣ ከፖሊሲ ሰነድ ወደ መመሪያ፣ ከመመሪያም ወደ በጀት ሲሸጋገር፣ ቁጥሩ የተገኘበትን ጥሬ መረጃና የስሌት ሂደት የተመለከተ አንድም ሰው የማይኖርበት አጋጣሚ ጥቂት አይደለም። ባለፉት ሁለት አስርት ዓመታት በልዩ ልዩ አገሮች የታዩ ሁኔታዎች የዚህን ክፍተት አሳሳቢነት በግልጽ አሳይተዋል።

ጉዳዩን ለመረዳት በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን ለይቶ ማየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው የስሌት ድግግሞሽ ነው። ይኸውም ሌላ ባለሙያ የአጥኚዎቹን መረጃና የስሌት ዘዴ ወስዶ ሲያሰላ ያንኑ ውጤት ማግኘት መቻሉ ነው። ሁለተኛው የሙከራ ድግግሞሽ ሲሆን፣ ሌሎች ተመራማሪዎች በሌላ ቦታና በሌሎች የጥናቱ ተሳታፊዎች ላይ ሙከራውን እንደ አዲስ አካሂደው ተመሳሳይ ውጤት ማግኘታቸውን ይመለከታል። የመጀመሪያው አንድ ሂሳብ በትክክል መደመሩን እንደማረጋገጥ ነው። ሁለተኛው ደግሞ በወረቀት ላይ የተመዘገበው ንብረት በመጋዘን ውስጥ በእርግጥ መኖሩን እንደመቁጠር ሊቆጠር ይችላል። ሁለቱም የሚቻሉት አጥኚዎች ምን እንዳደረጉ በግልጽ ሲያሳውቁ ብቻ ነው።

የስሌት ድግግሞሽ በመንግሥታት ውሳኔ ላይ ያለውን ፋይዳ ከሚያሳዩ አብነቶች መካከል የሕዝብ ዕዳን የሚመለከተው ጥናት በቀዳሚነት ይጠቀሳል። ካርመን ሬይንሃርትና ኬኔት ሮጎፍ የተባሉ የታወቁ የምጣኔ ሀብት ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2010 «አሜሪካን ኢኮኖሚክ ሪቪው» በተሰኘው መጽሔት ላይ ባወጡት ጽሑፍ፣ በበለጸጉ አገሮች የመንግሥት ዕዳ ከአጠቃላይ የአገር ውስጥ ምርት 90 በመቶ ሲያልፍ የኢኮኖሚ ዕድገት በከፍተኛ ደረጃ እንደሚያሽቆለቁል አመለከቱ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ያለውን ጊዜ በዳሰሰው ስሌታቸው መሠረት፣ ዕዳቸው ከዚህ ወሰን ያለፈ አገሮች አማካይ ዕድገት ከዜሮ በታች 0.1 በመቶ ነበር።

ወቅቱ አውሮፓና አሜሪካ ከዓለም አቀፉ የፋይናንስ ቀውስ ለመውጣት የሚጥሩበት ስለነበር፣ «90 በመቶ» የሚለው ቁጥር በአጭር ጊዜ ውስጥ የበጀት ክርክሮች ማዕከል ሆነ። በአውሮፓ ኅብረት የኢኮኖሚ ጉዳዮች ኮሚሽነር የነበሩት ኦሊ ሬን እና በአሜሪካ ምክር ቤት የበጀት ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት ፖል ራያን ይህን ግኝት ከጠቀሱ ባለሥልጣናት መካከል ይገኙበታል። የመንግሥት ወጪ ይቀነስ የሚለው አቋም ሌሎች መነሻዎችም የነበሩት ቢሆንም፣ ጥናቱ ለአቋሙ ሳይንሳዊ ድጋፍ ተደርጎ ሲጠቀስ ቆይቷል።

ከሦስት ዓመታት በኋላ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ አምኸርስት የድኅረ ምረቃ ተማሪ የነበሩት ቶማስ ሄርንደን፣ የታወቀ ጥናት መርጠው ስሌቱን እንዲደግሙ የተሰጣቸውን የክፍል ሥራ ለመፈጸም ይህንኑ ጽሑፍ መረጡ። በተደጋጋሚ ቢሞክሩም የታተመውን ውጤት ማግኘት አልቻሉም። በመጨረሻም ለጸሐፊዎቹ በጻፉት ጥያቄ መሠረት የመጀመሪያው የኤክሴል ሠንጠረዥ ተላከላቸው። ሠንጠረዡ ሲመረመር አማካዩን የሚያሰላው ቀመር አውስትራሊያን፣ ኦስትሪያን፣ ቤልጅየምን፣ ካናዳንና ዴንማርክን ሳያካትት መቅረቱ ታወቀ።

ሄርንደን ከመምህሮቻቸው ከማይክል አሽና ከሮበርት ፖሊን ጋር እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 ይፋ ባደረጉት ጽሑፍ ከቀመሩ ስህተት በተጨማሪ ሌሎች ሁለት ጉዳዮችን አንስተዋል። አንደኛው የአንዳንድ አገሮች የተወሰኑ ዓመታት መረጃ በስሌቱ አለመግባቱ ነው። ሌላው ለአገሮች የተሰጠው ክብደት ነው። ለምሳሌ ኒውዚላንድ ከወሰኑ በላይ ሆና በስሌቱ የገባችው በአንድ ዓመት መረጃ ብቻ ሲሆን፣ ይህ አንድ ዓመት ከብሪታኒያ የ19 ዓመታት አማካይ ጋር እኩል ክብደት ተሰጥቶት ተገኝቷል። ሦስቱ አጥኚዎች ስሌቱን እንደገና ሲሠሩ አማካይ ዕድገቱ 2.2 በመቶ ሆነ።

ሬይንሃርትና ሮጎፍ የቀመሩን ስህተት ወዲያውኑ አምነው የተቀበሉ ሲሆን፣ በሌሎቹ ነጥቦች ላይ ግን አለመስማማታቸውን ገልጸዋል። ዕዳ ሲጨምር ዕድገት ዝቅ ማለቱ በታረመው ስሌትም የሚታይ መሆኑን አስገንዝበዋል። ይህም እውነት ነው። በታረመው ስሌት ያልታየው በ90 በመቶ ላይ ያለው ድንገተኛ ገደል ነው። የፖሊሲ አውጪዎችን ትኩረት የሳበውም ይኸው ገደል ነበር።

ከዚህ ታሪክ የሚወሰደው ዋነኛ ትምህርት ምሁራን ይሳሳታሉ የሚለው አይደለም። ስህተቱ የተገኘው ጸሐፊዎቹ ሠንጠረዣቸውን ለመስጠት ፈቃደኛ በመሆናቸው ነው። ሠንጠረዡ ከጽሑፉ ጋር አብሮ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ግን የቀመሩ ጉድለት ሦስት ዓመት ሙሉ ተደብቆ ላይቆይ ይችል ነበር። አንድ ስህተት የሚኖረው ዕድሜ የሚወሰነው የአሠራሩ ማስረጃ ለሌሎች ዓይን በሚቀርብበት ጊዜ ነው።

ማስረጃው በፈቃደኝነት ሳይቀርብ ሲቀር የሚከተለውን ደግሞ የኢንፍሉዌንዛ መድኃኒት የሆነው የታሚፍሉ ጉዳይ ያሳያል። በርካታ መንግሥታት ለወረርሽኝ መከላከያ ይሆናል በሚል ይህን መድኃኒት በብዛት ገዝተው በመጋዘን አከማችተዋል። የብሪታኒያ ብሔራዊ ኦዲት ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጣው ሪፖርት መሠረት አገሪቱ ለክምችቱ 424 ሚሊዮን ፓውንድ አውጥታለች።

የሕክምና ጥናቶችን አሰባስቦ የሚገመግመው የኮክሬን ቡድን እ.ኤ.አ. በ2009 የቀድሞ ግምገማውን ሊያድስ ሲነሳ፣ ኬይጂ ሃያሺ የተባሉ ጃፓናዊ የሕፃናት ሐኪም አንድ መሠረታዊ ጥያቄ አቀረቡ። መድኃኒቱ ከባድ የጤና ችግሮችን ይቀንሳል የሚለው መደምደሚያ የተመሠረተው በአሥር ሙከራዎች ድምር ላይ ሲሆን፣ ከአሥሩ በመጽሔት የታተሙት ሁለቱ ብቻ ነበሩ። የቀሩት ስምንቱ የት እንዳሉ ገምጋሚዎቹም አያውቁም ነበር። የሙከራዎቹ ሙሉ ሪፖርት ከአምራቹ ኩባንያ እጅ ወጥቶ ለገምጋሚዎቹ የደረሰው ከአራት ዓመታት ጥያቄና ደብዳቤ በኋላ እ.ኤ.አ. በ2013 ነው።

በቀጣዩ ዓመት የወጣው ግምገማ መድኃኒቱ በአዋቂዎች ላይ የሕመሙን ምልክት የሚታይበትን ጊዜ ከ7 ቀን ወደ 6.3 ቀን ገደማ እንደሚያሳጥር አረጋገጠ። ወደ ሆስፒታል የሚገቡ ሕሙማንን ቁጥር እንደሚቀንስ የሚያሳይ አስተማማኝ ማስረጃ ግን ከሙከራዎቹ አለመገኘቱን አስታወቀ። በግምገማው የማይስማሙ ባለሙያዎች አሉ፤ መድኃኒቱም ከአገልግሎት አልወጣም። የሆነ ሆኖ ገንዘቡ ወጪ የተደረገው ገዢዎቹ ማስረጃውን በሙሉ ከማየታቸው አስቀድሞ እንደነበር የሚያከራክር አይደለም።

ሦስተኛው አብነት የኮሮና ወረርሽኝ ወቅት ነው። እ.ኤ.አ. ግንቦት 22 ቀን 2020 «ላንሴት» በተባለው ታዋቂ የሕክምና መጽሔት ላይ የወጣ ጽሑፍ፣ ሃይድሮክሲክሎሮኪን የተሰጣቸው የኮቪድ-19 ሕሙማን የመሞት ዕድላቸው ከፍ ያለ መሆኑን አመለከተ። ጽሑፉ በ671 ሆስፒታሎች የሚገኙ ወደ 96 ሺህ የሚጠጉ ሕሙማንን መረጃ መሠረት ማድረጉን ይገልጽ ነበር። የዓለም ጤና ድርጅት ከሦስት ቀናት በኋላ በራሱ ዓለም አቀፍ ሙከራ ውስጥ የዚህን መድኃኒት ጥናት ለጊዜው ማቋረጡን አስታወቀ።

ይሁንና ከመቶ በላይ ተመራማሪዎች በግልጽ ደብዳቤ ጥያቄ አነሱ። ከጥያቄዎቹ መካከል ከአፍሪካ ተሰበሰበ የተባለው ዝርዝር የሕሙማን መረጃ በአህጉሪቱ ካለው የኤሌክትሮኒክ መዝገብ አያያዝ አኳያ የማይመስል ነው የሚለው ይገኝበታል። መረጃውን ያቀረበው ሰርጂስፊር የተባለ ኩባንያ ጥሬ መረጃውን ለገለልተኛ መርማሪዎች ለማሳየት ፈቃደኛ ሳይሆን ቀረ። በዚህም ምክንያት ከአራቱ ጸሐፊዎች ሦስቱ ጽሑፉ እንዲሰረዝ ጠየቁ፤ ሰኔ 4 ቀንም ተሰረዘ። የዓለም ጤና ድርጅት በዋዜማው ሙከራው እንዲቀጥል ወስኖ ነበር። መድኃኒቱ ለኮቪድ-19 ሕሙማን እንደማይጠቅም በኋላ የተረጋገጠው በሌሎች፣ በአግባቡ በተካሄዱና አሠራራቸው በተገለጸ ሙከራዎች ነው። የተሰረዘው ጽሑፍ ጉድለት መድኃኒቱን መንቀፉ አልነበረም። ማንም ሊያየው የማይችል ማስረጃ ላይ መቆሙ ነበር።

እነዚህ ሦስት ጉዳዮች ጎልተው የወጡ ይሁኑ እንጂ ብቸኛ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ2012 በአሜሪካ የአምጀን መድኃኒት ኩባንያ ተመራማሪዎች በካንሰር ዘርፍ ፈር ቀዳጅ የተባሉ 53 ጥናቶችን ለመድገም ሞክረው ውጤቱን ማረጋገጥ የቻሉት በ6ቱ ብቻ መሆኑን አስታውቀዋል። እ.ኤ.አ. በ2015 በሥነ ልቦና ዘርፍ 100 ጥናቶች እንደገና ሲሠሩ፣ በመጀመሪያው ዙር ከጥናቶቹ 97 በመቶው በስታትስቲክስ ረገድ ትርጉም ያለው ውጤት አግኝተው የነበረ ሲሆን፣ በድጋሚው ግን ይህን ያገኙት 36 በመቶው ብቻ ሆነዋል።

አንድ ጥናት ሲደገም ተመሳሳይ ውጤት አለመገኘቱ በራሱ ማጭበርበር መኖሩን አያመለክትም። አብዛኛው ችግር የሚመነጨው ከዕለት ተዕለት አሠራር ነው። የጥናቱ ናሙና አነስተኛ ሲሆን ውጤቱ በአጋጣሚ ከፍ ወይም ዝቅ ሊል ይችላል። መረጃው ከተሰበሰበ በኋላ በልዩ ልዩ መንገድ እየተሰላ ከተገኙት ውጤቶች ማራኪው ብቻ ሲመረጥ፣ አንባቢው የተጣሉትን ስሌቶች አያይም። መጽሔቶችም «ለውጥ አልተገኘም» ከሚል ጥናት ይልቅ አዲስ ነገር ተገኘ የሚለውን ማተም ይቀናቸዋል። ተመራማሪው የሚሾመውና የሚሸለመው በታተሙ ጽሑፎች ቁጥር በመሆኑ፣ የሌላውን ሥራ ደግሞ ማረጋገጥ ጊዜ ወሳጅና ምስጋና የማይገኝበት ተግባር ሆኖ ቆይቷል።

መፍትሔዎቹም ከችግሩ ባሕርይ ይነሳሉ። ከእነዚህ አንዱ ቅድመ ምዝገባ ነው። ተመራማሪው መረጃ መሰብሰብ ከመጀመሩ በፊት ምን እንደሚለካ፣ ስንት ሰው እንደሚያሳትፍና ውጤቱን እንዴት እንደሚያሰላ ለሕዝብ ክፍት በሆነ መዝገብ ያሰፍራል። ከዚያ በኋላ ግቡን ቢለውጥ ወይም ያልተመቸውን ውጤት ቢያስቀር በመዝገቡ ይታወቃል። ታላላቅ የሕክምና መጽሔቶች አዘጋጆች ከ2005 እ.ኤ.አ. አጋማሽ ጀምሮ በቅድሚያ ያልተመዘገበ የሕክምና ሙከራ እንደማያትሙ አስታውቀዋል።

የዚህ አሠራር ውጤት በአሜሪካ መንግሥት ገንዘብ በተካሄዱ ትላልቅ የልብና የደም ሥር ሕመም ሙከራዎች ላይ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት እንዳመለከተው፣ ከ2000 በፊት ከታተሙት 30 ሙከራዎች 17ቱ ሕክምናው ጠቃሚ መሆኑን ሪፖርት አድርገው ነበር። ምዝገባ ግዴታ ከሆነ በኋላ ግን ከ25ቱ ጠቃሚነት የታየው በ2ቱ ብቻ ነው። ለልዩነቱ ሌሎች ምክንያቶችም ሊኖሩ ቢችሉም፣ አጥኚዎቹ ምዝገባን በዋነኛነት ጠቅሰዋል።

ሁለተኛው መፍትሔ ጥሬ መረጃውንና የስሌት ትዕዛዙን ከጽሑፉ ጋር ማቅረብ ነው። የአሜሪካ ኢኮኖሚክስ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2019 ባጠናከረው ደንቡ፣ በመጽሔቶቹ የሚወጡ ጽሑፎች መረጃና የኮምፒውተር ስሌት ከመታተማቸው በፊት በመረጃ አርታዒው ጽሕፈት ቤት እንዲመረመሩ ያደርጋል። ሦስተኛው ደግሞ መጽሔቶች የጥናቱን ዕቅድ አስቀድመው ገምግመው፣ ውጤቱ የትኛውም ይሁን ለማተም ቃል የሚገቡበት አሠራር ነው። ይህም ተመራማሪው ማራኪ ውጤት ፍለጋ መረጃውን እንዲያጣምም የሚገፋውን ምክንያት ያስቀራል።

ግልጽነት ወሰን የለውም ማለት ግን አይደለም። የሕሙማን መዝገብና የቤተሰብ ገቢ መረጃ የግለሰቦችን ማንነት በሚገልጽ መልኩ ሊበተን አይችልም። ስምና አድራሻን ማውጣት ብቻውንም ሁልጊዜ በቂ አይሆንም፤ በአንዲት ትንሽ ቀበሌ ውስጥ ዕድሜና የሥራ ዓይነት ብቻ አንድን ሰው ሊያሳውቁ ይችላሉ። በዚህ ጊዜ መረጃው በተቆጣጣሪ ተቋም ተይዞ ቃለ ሚስጥር ለፈረሙ መርማሪዎች ብቻ እንዲታይ ማድረግ ይቻላል። ከታዳጊ አገሮች በድካም የተሰበሰበ መረጃ፣ የሰበሰቡት ባለሙያዎች ሳይጠቀሙበት የተሻለ አቅም ባላቸው የውጭ ተቋማት ተወስዶ እንዳይታተም የሚነሳው ስጋትም ተገቢ ነው። ለሰብሳቢዎቹ የተወሰነ የቅድሚያ ጊዜ መስጠትና ለመረጃው ዕውቅና እንዲጠቀሱ ማድረግ ለዚህ ከሚመከሩ መንገዶች መካከል ናቸው።

የተባበሩት መንግሥታት የትምህርት፣ የሳይንስና የባህል ድርጅት ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በኅዳር 2021 ያጸደቀው የክፍት ሳይንስ ምክረ ሐሳብ እነዚህን ሁለት ወገኖች ለማስታረቅ የሚጥር ነው። በአፍሪካም የሕክምና ሙከራዎች የሚመዘገቡበት፣ ማዕከሉን በደቡብ አፍሪካ ያደረገው ፓን አፍሪካን መዝገብ እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ በዓለም ጤና ድርጅት ዕውቅና አግኝቶ ይሠራል።

በኢትዮጵያ የወቅቱ የሳይንስና ከፍተኛ ትምህርት ሚኒስቴር እ.ኤ.አ. በ2019 ያወጣው ብሔራዊ ፖሊሲ፣ በሕዝብ ገንዘብ የተካሄዱ ምርምሮች ጽሑፍ በብሔራዊው የአካዳሚክ ዲጂታል ማከማቻ እንዲገባና ለሕዝብ ክፍት እንዲሆን ይደነግጋል። የመረጃ ማካፈል ልምድም ለአገሪቱ እንግዳ አይደለም። የማዕከላዊ ስታትስቲክስ ኤጀንሲ፣ የዛሬው የኢትዮጵያ ስታትስቲክስ አገልግሎት፣ ከዓለም ባንክ ጋር እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በየዙሩ ያካሄደው የማኅበራዊና ኢኮኖሚ ጥናት ጥሬ መረጃ፣ የቤተሰቦቹ ማንነት ተሰውሮ ለአጥኚዎች ክፍት ሆኗል። በዚህ ምክንያት በአዲስ አበባም ሆነ በሌላ አገር የሚገኝ አጥኚ ስለ ገጠር ኑሮ የቀረበን አንድ ድምዳሜ ራሱ አስልቶ ሊያረጋግጥ ወይም ሊሞግት ይችላል። በ2016 ዓ.ም. የጸደቀው የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ደግሞ የግለሰቦች ምስጢር የሚጠበቅበትን ሕጋዊ ማዕቀፍ አስቀምጧል።

ጽሑፉን ማግኘትና የተጻፈውን መመርመር መቻል ግን አንድ አይደሉም። የጥናቱ ሪፖርት በነጻ ቢገኝም፣ ከሪፖርቱ ጀርባ ያለው መጠይቅ፣ ጥሬ መረጃና ስሌት ካልተቀመጠ አንባቢው ከማመን በቀር ምርጫ አይኖረውም። በአማካሪዎች የሚሠሩ የመነሻ ጥናቶችና የፕሮጀክት ግምገማዎች ተጠናቀው ሲረከቡ፣ ባለቤቱ መሥሪያ ቤት የታተመውን ጥራዝ ብቻ ተቀብሎ መረጃው በአማካሪው ኮምፒውተር ውስጥ የሚቀር ከሆነ፣ ከዓመታት በኋላ ለውጡን ለመለካት መነሻ አይኖርም። በሕዝብ ገንዘብ የተገዛውም ዕውቀት ሳይሆን መደምደሚያ ብቻ ይሆናል።

ይህን ለማስተካከል ሁልጊዜ አዲስ ተቋም ወይም ከፍተኛ በጀት አያስፈልግም። በጥናት ውል ውስጥ ጥሬ መረጃው፣ መጠይቁና የስሌት ትዕዛዙ ከሪፖርቱ ጋር ርክክብ እንዲደረግባቸው አንድ አንቀጽ ማስገባት ይቻላል። የጥናቱ ዕቅድ መረጃ ከመሰብሰቡ በፊት በጽሑፍ ቀርቦ በመዝገብ ቤት እንዲያዝ፣ በኋላም ከተገኘው ውጤት ጋር እንዲገናዘብ ማድረግም አያዳግትም። የክፍያው የመጨረሻ ክፍል ከመለቀቁ በፊት ጥናቱን ያልሠራ አንድ የስታትስቲክስ ባለሙያ ዋና ዋናዎቹን ሠንጠረዦች ደግሞ እንዲያሰላ ቢደረግ፣ የሚጠይቀው የቀናት ሥራ ነው።

አንድ ጥናት ለውሳኔ ሲቀርብ በኃላፊው ጠረጴዛ ላይ ሊነሱ የሚገባቸው ጥያቄዎችም ጥቂት ናቸው። ቁጥሩ የተገኘው ከስንት ሰው ወይም ከስንት ቦታ ነው? ዕቅዱ አስቀድሞ ተመዝግቦ ነበር? የተሰበሰበው መረጃ በሙሉ ቀርቧል ወይስ የተመረጠው ብቻ? መረጃውን ማየት የሚቻለው የት ነው? ከአጥኚዎቹ ውጪ ውጤቱን ያረጋገጠ አለ? ለእነዚህ ጥያቄዎች መልስ የሌለው ጥናት የግድ ስህተት ነው ማለት አይደለም። ሆኖም በእርሱ ላይ ተመሥርቶ የሚወጣ መመሪያ የብዙዎችን ኑሮ የሚነካ ከሆነ፣ መልሱ እስኪገኝ ውሳኔውን በሙከራ ደረጃ መጀመርና ውጤቱን እየለኩ መሄድ ከኋላ ጸጸት ያድናል።

የዕዳው ስሌት ለመታረም ሦስት ዓመት፣ የመድኃኒቱ ሙከራዎች ለመታየት አራት ዓመት ፈጅተዋል። የኮሮናው ጽሑፍ ደግሞ ጠያቂዎች ፈጥነው ስለተነሱ በ13 ቀናት ውስጥ ተሰርዟል። ሳይንስ ከስህተት ነጻ ሆኖ አያውቅም። ከሌሎች የዕውቀት መንገዶች የሚለየው ስህተቱን ራሱ ፈልጎ ማረም መቻሉ ሲሆን፣ ለዚህም ማስረጃው በሌሎች ሊታይ ይገባል። በጥናት ላይ ተመሥርቶ በሕዝብ ስም የሚወስን መሥሪያ ቤትም ለገንዘቡ የሚጠይቀውን ማስረጃ ለቁጥሮቹም መጠየቅ ይኖርበታል።